ስለ ሜክሲኮ ሕንፃዎችና ስለ ተሠሩበት ምድር

ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ምድሩን መጠየቅ ይገባዋል። ፀሐይ በየት በኩል ትበረታለች? ዝናም በየትኛው ወር ይከብዳል? ድንጋዩ ጽኑ ነውን ወይስ የሚፈረፈር? ይህን ሳይጠይቅ የሠራ ሰው፥ ቤቱ ለዓይን ቢያምርም እንኳ፥ በገዛ አገሩ እንግዳ ሆኖ ይኖርበታል።

ይህን ነገር ለመመርመር ዛሬ የሜክሲኮን አገር የሕንፃ ሥራ መርጠናል፤ ዘመኖቹንም ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እንጽፋለን። ሜክሲኮ ለኛ እንግዳ ስም አይደለችም። ኢጣልያ በ1936 ኢትዮጵያን ግዛቴ ናት ብላ ባወጀች ጊዜ ዐዋጁን አንቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ናትና፥ ስሟ በአዲስ አበባ አደባባይ ይጠራል፤ የኢትዮጵያም ስም በሜክሲኮ ከተማ አደባባይ ይጠራል። ደግሞም ዋና ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2240 ሜትር ያህል ከፍ ያለች የደጋ ከተማ ናት፤ ፀሐይዋ ብርቱ፥ ጥላዋ ብርድ፥ ዝናሟም በክረምት ወራት ተሰብስቦ የሚወርድ ነው። ስለዚህ የዚያ አገር ሠሪዎች ያገኙት ፈተና ለኛ የሚሰማን ፈተና ነው።

በዚህ ደጋ ላይ ከሠሩት ሁሉ ስማቸው የገነነው ሉዊስ ባራጋን ናቸው። በ1902 በጓዳላሐራ ከተማ ተወለዱ፤ በ1980 ለሕንፃ ባለሙያዎች የሚሰጠውን የፕሪትዝከርን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1988 ዐረፉ። በ1948 በታኩባያ ሰፈር ለራሳቸው የሠሩት ቤት በ2004 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ይህ ቤት ከመንገድ ላይ ለሚያየው ተራ ግድግዳ ነው። ወደ ውስጥ የገባውን ሰው ግን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ወለልና ደረጃ፥ ከላይም ቀስ ብሎ የሚወርድ ብርሃን ይቀበሉታል።

ከሥራቸው ሁሉ እኛ የምናስበልጠው ግን በ1950ዎቹ ዓመታት በትላልፓን ለካፑቺን ደናግል የሠሩትን የጸሎት ቤት ነው፤ ለዚህም ሥራ ከገዛ ገንዘባቸው አውጥተዋል። በዚያ ቤት መስኮቱ ለሚጸልየው ሰው አይታይም። ባለቀለሙ መስታወት በስተጐን ተሰውሮ ብርሃኑን ብቻ ይልካል፤ ብርሃኑም በቆመው ረዥም መስቀል ላይ ሲያርፍ የመስቀሉ ጥላ በግድግዳው ላይ ይሳላል። የብዙ አብያተ ጸሎት ሠሪዎች ክብርን በመብራት ብዛት የሚያገኙት ይመስላቸዋል። ባራጋን ግን የደጋውን ብርቱ ፀሐይ አለዝበው ለጸሎት የሚስማማ አደረጉት። ምንጩ ተሰውሮ ሥራው የሚታይ ብርሃን፥ ሃይማኖትን ለሚያውቅ ሰው ያለ ቃል የተነገረ ስብከት ነው።

ይሁን እንጂ ምስጋና ሁሉን እንድንሸፍን አያደርገንም። ባራጋን ከ1945 ጀምሮ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ኤል ፔድሬጋል በሚባለው ስፍራ አዲስ ሰፈር አቅንተው ነበር። ስፍራው የሺትሌ ተራራ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ያፈሰሰው እሳት ቀዝቅዞ የቀረበት ጥቁር የድንጋይ ባሕር ነው። አሳባቸውም ድንጋዩ ሳይሰበር፥ የበቀለበት ቍልቋልና ቍጥቋጦ ሳይነቀል፥ ቤቶቹ ዝቅ ብለው በመካከሉ እንዲቆሙ ነበር። አሳቡ መልካም ነበረ፤ ዳሩ ግን ዛሬ ከቀደሙት ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል ወይም ተለውጠዋል፤ ድንጋዩም በብዙ ስፍራ ተሰብሮ ተሸፍኗል። ምክንያቱን ስንመረምር፥ ስፍራው ከጅምሩ በግንብ እየታጠረ ገንዘብ ላለው ሰው የተሸጠ መሆኑን እናገኛለን። ገዢው ውበትን ገዛ እንጂ አደራን አልተቀበለም። ምድርን የሚወድ ሕንፃ ምድርን የሚወድ ሕዝብ ካላገኘ ዕድሜው አጭር ነው።

ከዚህ የተሻለ መንገድ ያሳየን በዋሐካ ከተማ በ2008 የተፈጸመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው፤ የሕንፃው ባለሙያ ማውሪሲዮ ሮቻ ነው። ግድግዳዎቹ አፈር በሳንቃ መካከል እየፈሰሰ በንብርብር እየተጠቀጠቀ የተሠሩ ናቸው። ወፍራም የአፈር ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ አድርጎ ይጠጣል፥ ሌሊትም ቀስ አድርጎ ይመልሳል፤ ስለዚህ ቤቱ ቀትር ላይ አይግልም፥ ሲነጋም አይበርድም። ንብርብሩም ቀለም ሳይቀባ የራሱን ጌጥ ያሳያል። ወጣቶች ሥዕልና ቅርጽ የሚማሩበት ቤት ከእግራቸው በታች ካለው አፈር መሠራቱ ራሱ አንድ ትምህርት ነው። የምንነቅፈው ግን አለን፤ የምንነቅፈውም ይህን ትምህርት ቤት ሳይሆን እርሱን ተከትሎ የመጣውን ልማድ ነው። የአፈር ግድግዳ ብዙ እጅና ብዙ ቀን ስለሚፈልግ የባለጸጎች የዕረፍት ቤት ጌጥ እየሆነ ሄዷል። ድኻው ከአፈር ቤት ሲሸሽ ባለጸጋው ወደ አፈር ቤት መግባቱ እጅግ የሚያሳዝን ነገር ነው።

ድኻው የሚሸሽበትን ምክንያት ግን በከንቱ አንንቀፈው። በመስከረም 7 ቀን 2017 በቴዋንቴፔክ ባሕር በኩል በልኬት 8.2 የሆነ የምድር መናወጥ ሆነ፤ በዚያው ወር በ19 ቀን ደግሞ በሞሬሎስና በፑዌብላ በኩል በ7.1 ልኬት ምድር ተናወጠች፤ በዚህች በሁለተኛይቱ ብቻ ከ360 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ብዙ የጭቃ ጡብ ቤቶችም ወደቁ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ አፈሩን ከሰሰ። ሊጠገኑ ይችሉ የነበሩ አሮጌ ቤቶች በችኰላ ፈረሱ፤ በምትካቸውም ሙቀት በበረታበት አገር እንደ ምድጃ የሚግሉ ጠባብ የብሎኬት ቤቶች ቆሙ። ነገር ግን በዋና ከተማው በሲሚንቶና በብረት የተሠሩ ፎቆችም በዚያው ቀን ወድቀዋል። እንግዲህ ጥፋቱ የአፈር ብቻ ነውን? ማዕዘኑ ያልተያያዘ፥ ሥሩን ውሃ የበላው፥ ጥገና ያጣ ግድግዳ ከምንም ቢሠራ ይወድቃል። ፍርድ የሚገባው ለዕቃው ሳይሆን ለእጁና ለቸልተኝነቱ ነው።

በዚያ መናወጥ እጅግ ከተጐዱት ከተሞች አንዲቱ በሞሬሎስ ያለችው ሆሁትላ ናት። በዚያ የፈረሰውን የቱላውን ጌታ ቤተ ክርስቲያን የሜክሲኮው ደሬክ ደለካምፕና ያኸን ሽላይኽ ከኮሎምቢያዊው ከካሚሎ ሬስትሬፖ ጋራ ሆነው ዳግመኛ ሠሩት። አዲሱ ሕንፃ በዙሪያው በቅስት የተከፈተ የኮንክሪት ቆብ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት የመጡት መነኮሳት ሕዝቡ በቤት ውስጥ ስለማይበቃና ከሰማይ በታች መጸለይ ስለ ለመደ፥ መሠዊያውን ከቅስት በታች አድርገው ሕዝቡን በአደባባይ ያቆሙ ነበር፤ በአክቶፓን ያለው እስከ ዛሬ ቆሟል። የሆሁትላው ሥራ ያን ልማድ አስታውሷል። በቅጽረ ቤተ ክርስቲያን በዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ማስቀደስ ለለመደ የኛ አገር ምእመን ነገሩ አይከብደውም። ነፋሱ ያልፍበታል፥ ጥላው ያሳርፋል፥ ከተማዪቱም ጸሎቱን ታያለች።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ሕንፃ ከአገሩ አፈር አልተሠራም ትለን ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የአገር ዕቃ ማለት ድንጋይና ጭቃ ብቻ አይደለም፤ የሕዝቡ አቋቋምና አጸላለይም የአገር ዕቃ ነው። በፔድሬጋል የምድሩ ድንጋይ ነበረ፥ አደራ የሚቀበል ሕዝብ ግን አልተገኘም። በሆሁትላ ሲሚንቶ ነው፥ ሕዝቡ ግን የራሱን አገኘ። ሁለቱ የተገናኙበት ሥራ ፍጹም ይሆናል፤ የዋሐካው ትምህርት ቤት ወደዚያ የቀረበ ነው። ስለዚህ አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ ስንት ፎቅ ነው ብለን ከመጠየቃችን በፊት፥ ከምን ምድር ተሠራ፥ በምን ፀሐይ ሥር ቆመ፥ ማን ይጠለልበታል ብለን እንጠይቅ።