ሉማሜ ላይ ያገኘሁት ጥቁር ጠላ

ከደጀን ተነሥታችሁ ወደ ደብረ ማርቆስ የምትጓዙ ሁሉ፣ ሉማሜ ስትደርሱ «ወራጅ አለ!» በሉ። ሌላ ጉዳይ ባይኖራችሁም ውረዱ። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ የተደፋበት አንድ ጠላ ቤት አለ። እዚያ የሚቀዳው ጥቁር ጠላ በሕይወቴ ከቀመስኩት መጠጥ ሁሉ ይበልጣል። ሁሉ ስል በቤልጂየም ገዳማት የሚጠመቁትን ስመ ጥር ጥቋቁር ቢራዎች ጨምሬ ነው!

ትልቅ ነገር እንደተናገርኩ አውቃለሁ። ከእነዚህ የገዳም ቢራዎች አንዱ የሆነውን ቬስትፍሌተረን 12ን የሚወዱ ሰዎች ለእሱ ሲሉ አገር አቋርጠው እስከ ገዳሙ በር ድረስ ይሄዳሉ፤ አልኮሉ 10.2 በመቶ ነው። የሮሽፎር ገዳም 10 ቁጥር ደግሞ 11.3 በመቶ ይደርሳል። ዘቢብ ዘቢብ የሚሉ፣ ሲወርዱ ደረት የሚያሞቁ ድንቅ መጠጦች ናቸው፤ እወዳቸዋለሁ። ቤልጂየምም የቢራ ባህሏን እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ማስፈሯ የሚገባት ነው። የእኛን ጠላ ግን በዚያ ዓይን፣ በዚያ ጥንቃቄ ቁጭ ብሎ የሚመዝነው ማን ነው?

እኔ መዘንኩት። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው የቢራ ዳኞች ፕሮግራም አንድን ቢራ ከ50 ነጥብ ይዳኛል፦ ለሽታው 12፣ ለመልኩ 3፣ ለጣዕሙ 20፣ አፍ ውስጥ ለሚሰጠው ስሜት 5፣ ለአጠቃላይ ደስታው 10። መልክ 3 ብቻ ማግኘቱን ልብ በሉልኝ! ጠላ ደፍርሷል ብለው ገና ሳይቀምሱት ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰዎች ይህን ቢያውቁ እንዴት ደስ ባለኝ።

ከሽታው ልጀምር፤ ልቤ የተሰረቀው እዚያ ላይ ነውና። ሽክናውን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ መጀመሪያ የመጣው የወይራ ጭስ ነው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ፣ ተደፍቶ፣ በወይራ በደንብ ታጥኗል፤ ጭሱ የሸክላው ገላ ውስጥ ገብቶ ተቀምጦ ቆይቶ፣ ጠላው ሲሞላበት ቀስ እያለ ይለቀዋል። ከጭሱ ሥር ቡና ሲቆላ የሚሸተውን የመሰለ ሽታ አለ። ከዚያም ሥር፣ ትንሽ ታግሦ ለሚጠብቅ፣ የበሰለ ፍሬ ጣፋጭ ሽታ ብቅ ይላል። ሦስት ሽታ፣ አንዱ በአንዱ ላይ! የቤልጂየሞቹ ጥቋቁር ቢራዎች ብዙ ሽታ ይደራርባሉ፤ የወይራ ጭስ ግን የላቸውም።

ጥቁረቱስ ከየት መጣ? እነርሱ ጋ የጠቆረው በአብዛኛው ከተቃጠለ ስኳር ነው፤ ስኳሩ ቀለምም ይሰጣል፣ አልኮሉንም ያበረታል፣ ቢራው ሳይከብድ ጠንካራ እንዲሆንም ይረዳል። ሉማሜ ላይ ጥቁረቱ የሚገኘው ከምጣድ ነው። ገብሱ ተቆልቶ አሻሮ ይሆናል፤ ዱቄቱም በውሃ ርሶ ምጣድ ላይ እየተማሰለ እንኩሮ ይወጣዋል። እዚህ ላይ ነው ጠማቂዋ እናት ከሌሎች የሚለዩት። ሌላው ቡናማ ሲሆን የሚያወጣውን እርሳቸው ከምጣዱ አጠገብ ሳይነቃነቁ ያቆዩታል። መቼ እንደሚበቃው ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ሲጠቁር አውጣው፤ ካረረ መረረ» አሉኝ። በመጥቆርና በማረር መካከል ያለችውን ያችን አጭር ጊዜ የሚለኩት በአፍንጫቸው ነው። እንዲህ ያለ ሙያ ያላቸው ሴት ከዓለም ታላላቅ ጠማቂዎች ተርታ ይቆማሉ ብል ምንም አላጋነንኩም።

ጌሾው ደግሞ! ለጥንስሱ የገባው ጌሾ ቅጠልም እንጨትም አለበት፤ ግን ምሬቱ ቀድሞ አይጮህም። መጀመሪያ የእንኩሮው ጣፋጭ ይመጣል፣ ቀጥሎ ቀጠን ያለ ኮምጣጣነት፣ በመጨረሻ ውጠኸው ካበቃህ በኋላ ጌሾው ከምላስህ ጀርባ ተነሥቶ ጣፋጩን ቆርጦ ይጥለዋል። ከዚያ ሌላ ጉንጭ ከመጎንጨት በቀር ምን ምርጫ አለህ? የጠንካራ ጥቁር ቢራ ዳኞች የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፤ ምሬቱ አፍን ሳይገዛ ጣፋጩ እንዳያሰለች እንዲጠብቀው።

በአልኮል ብርታት ጠላ ከእነዚያ የገዳም ቢራዎች ያንሳል። የሉማሜው ግን ወፍራም ነው፤ ምስጢሩም ውሃው ላይ ነው። ጋኑ ተመርጎ ድፍድፉ ሲበስል፣ ብዙ ጠማቂ ትርፍ ለማብዛት ውሃውን ይለቅበታል። እኚህ እናት ይሰስታሉ። ቅራሪውን ለሌላ ቀን ትተው፣ መጀመሪያ የሚጠለለው ከድፍድፉ ብዙ ሳይርቅ ይቀዳል። አፍ ይሞላል፣ ምላስ ላይ ይቆያል፣ አንድ ሽክና ለመጨረስ ጊዜ ይወስዳል። ለዚህ ከ5ቱ 5 ነው የሰጠሁት።

ዳኝነት ለምሥራቅ ጎጃም ሰው አዲስ እንዳይመስላችሁ። ማኅበር ወይም ሰንበቴ ላይ የቀረበ ጠላ ከመቀመጫ እስከ መቀመጫ ይመረመራል፤ ጌሾው በዝቷል፣ ጋኑ በደንብ አልታጠነም፣ ብቅሉ ግን ጥሩ ነበር ይባላል። የምትቀዳዋም ከመዳፏ ላይ ፉት ሳትል ለእንግዳ አትሰጥም። የጮቄ ደጋ ገብስ በቅርብ የሚገኝበት፣ ብቅልና ጌሾ በየቤቱ የሚታወቅበት አገር ቀማሽ ምላስ ቢያፈራ ምን ይገርማል? የጎደለው ያንን ምላስ በወረቀት ማስፈር ብቻ ነው።

ነጥቤ 47 ነው። በዚያ የዳኝነት ወረቀት 45 እና ከዚያ በላይ ያገኘ በዓለም ደረጃ የሚቀመጥ ነው። አንዷን የቀነስኩት ከመልኩ፣ ሁለቱን ከሽታው ነው፤ ጭሱ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይገፋል። ከጣዕሙ ግን ቅንጣት አልቀነስኩም፤ 20 ከ20!

የገዳሙን ጠርሙስ ገዝታችሁ ለዓመታት ጓዳ ብታስቀምጡት ይጠብቃችኋል። ጠላ ግን ጋኑ ከተከፈተ በኋላ በቀናት ውስጥ ይሆመጥጣል፣ በጀሪካን ተጭኖ አዲስ አበባ ሲደርስም ሌላ መጠጥ ሆኗል። ስለዚህ እዚያው ሂዱ። ስትገቡ ጋኑ መቼ እንደተከፈተ ጠይቁ፤ ዛሬ ወይም ትናንት ከሆነ ታድላችኋል። ጉሹን ሳይሆን ጥልል ያለውን፣ ቅራሪውን ሳይሆን ፊተኛውን በሉ፤ በብርጭቆ ከመጣላችሁም በሽክና እንዲለወጥላችሁ ለምኑ። ምግብ ሳትቀምሱም አትጠጡት።