የአንድ ማይል እርምጃ ፈተና፦ ቁጥሩን ምን ያህል እንመነው?

«ሮክፖርት» በሚል ስም የሚታወቀውን የእርምጃ ፈተና ክላይንና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ አገር በ1987 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ተመርማሪው 1,609 ሜትር ሳይሮጥ በተቻለው ፍጥነት ይራመዳል። የፈጀበት ጊዜና በመጨረሻው ላይ የተቆጠረው የልብ ምት ከዕድሜው፣ ከጾታውና ከክብደቱ ጋር በቀመር ገብተው ሰውነቱ በደቂቃ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛው የኦክስጅን መጠን ይገመታል። የሚያስፈልገው ሰዓት፣ ሚዛንና የተለካ ሜዳ ብቻ ነው። ትሬድሚልና የትንፋሽ ጋዝ መለኪያ መሣሪያ በማይገኝበት የጤና ተቋም ይህን የመሰለ ዘዴ ሊናቅ አይገባውም፤ እኔም ብዙ ጊዜ ሠርቼበታለሁ።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከውጤቱ አተረጓጎም ላይ ነው። ቀመሩ የተሠራው ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ዓመት በሆነ 343 ጤነኞች ላይ ሲሆን፣ የግምቱ ስሕተት ወደ 5 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ስለሆነም 38 ያገኘው ሰው እውነተኛ መጠኑ 33ም 43ም ሊሆን ይችላል፤ ከሦስት ሰዎች የአንዱ ያህል ደግሞ ከዚህም ወሰን ውጭ ይወድቃል። እኛ ግን ቁጥሩን ከነአሥርዮሹ በካርድ ላይ ጽፈን «በጣም ጥሩ» ወይም «ደካማ» እንላለን።

አንዲት የ45 ዓመት እናት፣ ክብደታቸው 70 ኪሎ ግራም፣ መንገዱን በ16 ደቂቃ ጨረሱ፤ የልብ ምታቸው 100 ነበር። ስሌቱ ወደ 36 ሰጠኝ፤ ደስ ብሎኝ ነገርኳቸው። እርሳቸውም «ዶክተር፣ ልቤ ደኅና ከሆነ እንግዲህ ኪኒኑን ልተወው?» ሲሉ ነው የነቃሁት። ኪኒኑ አቴኖሎል ነበር። መድኃኒቱ የልብን ምት ስለሚቀንስ ቀመሩ ይህን እንደ ብርታት ይቆጥረዋል፤ ምታቸው 130 ቢሆን ኖሮ ውጤቱ 31 ብቻ ይሆን ነበር። መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ የሚያስከትለውን አደጋ ለሞያ ባልደረቦቼ መዘርዘር አያሻኝም። ጥፋቱም የፈተናው አልነበረም፤ ሳልጠይቅ ያስላሁት እኔ ነኝ።

ሌላው ክብደት ነው። ቀመሩ በፓውንድ ስለሚሠራ፣ የእኒህኑ እናት 70 ኪሎ ሳይለውጥ ያስገባ ሰው ውጤቱን በ6.5 ሚሊ ሊትር ያሳድገዋል። ምቱን ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት የሚያባዛም አንድ ምት ቢስት አራት ይስታል፤ የልብ ምቱ በተዛባ በሽተኛ ላይማ አቆጣጠሩ ራሱ አያስተማምንም። (በ400 ሜትር መሮጫ ላይ አራት ዙር የሚያስኬዱ ደግሞ 9 ሜትር ይቀራቸዋል፤ ይህ እንኳ ጥቂት ነው።)

ከፍታም አለ። ፈተናው የተሠራው ዝቅተኛ በሆነ ስፍራ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከቆላ በቅርቡ የመጣ ሰው ልብ ለዚያው እርምጃ አብዝቶ ይመታል፤ ቀመሩ ይህን የሚያስተናግድበት ቦታ የለውም።

የልብ ወይም የሳንባ በሽታ ላለበት የ6 ደቂቃ እርምጃ ይሻላል። ይህኛው በ30 ሜትር ኮሪደር የሚካሄድ ሆኖ የሚመዘገበው የተኬደው ርቀት ራሱ ነው። ሮክፖርትን ለጤነኛው፣ ያውም ያንኑ ሰው ከሦስት ወር በፊት ከነበረው ጋር ለማስተያየት አስቀርቼዋለሁ። በካርዱም ላይ ከውጤቱ አስቀድሜ ደቂቃውን፣ ምቱን፣ ሜዳውንና የሚወስደውን መድኃኒት እጽፋለሁ።