የኩፐር የክረምት ምሽት

በገጠር ጸጥ ብሎ መኖርን የሚያመሰግን ግጥም በየአገሩ ሞልቷል። ነገር ግን የሚበዛው ሁለት ጕድለት አለበት፤ አንደኛው፥ አመስጋኙ ገጠሩን አለማወቁ ነው፤ ሁለተኛው፥ እርሱ እሳት ሲሞቅ በውጭ የሚበርደውን መርሳቱ ነው። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ዊልያም ኩፐር በ1785 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያሳተመው «ዘ ታስክ» የተባለው ድርሰት ከእነዚህ ጕድለቶች ምን ያህል እንደ ዳነ መመርመር ለግጥም ወዳጅ ይጠቅማል።

ኩፐር ሕግ የተማረ ሰው ነበረ። በ1763 ዓ.ም. በመኳንንቱ ምክር ቤት ለጸሓፊነት ሊፈተን ሲል ፍርሃት አእምሮውን አወከውና ሹመቱ ቀረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኡዝ ወንዝ ዳር ባለችው በትንሿ የኦልኒ ከተማ፥ ሜሪ አንዊን ከምትባል የካህን ባልቴት ጋራ በአንድ ቤት ተቀመጠ። በዚያም አትክልት ኰተኰተ፤ ሦስት ጥንቸሎችም አሳደገ። ስለዚህ ገጠሩን የሚናገረው ከሰው ሰምቶ አይደለም። በ1783 ዓ.ም. ሌዲ ኦስተን የምትባል ወዳጁ ስለ ሶፋ ግጠም ብላ አዘዘችው፤ ጨዋታውም ባለ ስድስት ክፍል ረዥም ድርሰት ኾነ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ክፍሎች ስለ ክረምት ናቸው።

የእነርሱ ክረምት እንደ እኛ የዝናም ወራት አይደለም፤ በረዶ ምድሩን እንደ ጥጥ የሚሸፍንበት፥ ቀኑም አጥሮ በዐሥር ሰዓት ፀሓይ የምትጠልቅበት ነው። በአራተኛው ክፍል ባለ ፖስታው ቀንደ መለከቱን እየነፋ በድልድዩ ላይ ይመጣል፤ የተሸከመው ደብዳቤ መርዶ ይኹን የምሥራች አያውቅም፥ አይገደውምም። ከዚያ በኋላ መስኮቱ ይዘጋል፥ መጋረጃው ይወርዳል፥ ሻዩ ይፈላል፥ ሴቲቱ ትጠልፋለች፥ ጋዜጣውም ይነበባል። ባለቅኔው በፍሙ ውስጥ ግንብና ዛፍ እያየ ይፈዛል፤ ይህም የሐሳብ ሥራ ፈትነት መኾኑን ራሱ ይመሰክራል። ከዚህ ኹሉ ውስጥ ወርቅ ወይም ግብዣ የሚፈልግ አንድ ነገር የለም። የድርሰቱ ኀይል በዚህ ነው፤ ትንሹን ነገር በትንሽነቱ ይወደዋል እንጂ በትልቅ ቃል አያሳብጠውም።

ይኹን እንጂ ነቀፋ አይጠፋለትም። በመጠጥ ቤቶች ላይ ያለው ተግሣጽ ረዝሞ ምሽቱን ያስረሳል። ከዚህ የሚከብደው ግን የጋዜጣው ነገር ነው፤ የዓለሙን ሁከት ከሩቅ እየሰማ በእሳቱ ዳር ሲደሰት፥ የሰው መከራ ለምሽት መዝናኛ ይኾናልን? ብሎ አንባቢው ይጠይቃል።

ለዚህ ጥያቄ መልሱ እዚያው በዚያው ክፍል አለ። ባለቅኔው በበረዶ የሚጓዘውን ጋሪ ነጂ ያሳየናል፤ ዳግመኛም ጥቂት ጭራሮዋን ለማንደድ የምትሳሳ ድኻ ሴት ያለችበት ቤት ያገባናል፤ ስሙን ሰውሮ ከሩቅ ለድኆች የሚረዳውንም ሰው ያመሰግናል። በሁለተኛው ክፍል የሰውን ሽያጭ አጥብቆ ያወግዛል፤ እንግሊዝ ይህን ንግድ በሕግ የከለከለችው እርሱ በ1800 ዓ.ም. ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።

የኩፐርን ኑሮ ምናኔ የሚለው ሰው ይሳሳታል፤ መናኝ እሳቱንም ሻዩንም ይተዋልና። የእርሱ ዕረፍት ከምናኔ ታንሳለች፥ ከምቾት ግን ትበልጣለች፤ ደስታዋን አትደብቅም፥ ያ ደስታ የጐደለበትንም ሰው አትረሳም። የእኛም ባለቅኔዎች በምድጃ ዳር ተቀምጠው ክረምትን ሲያወድሱ፥ ጣራው የሚያፈስበትን ጎረቤት በግጥማቸው ቢያስገቡ እሳታቸው አይጠፋም፤ አንባቢውም ሙቀታቸውን ያምናል።