ከቁጥሩ በፊት ካርዱ

ልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን ጥቁር አንበሳን በመሰሉ ማስተማሪያ ሆስፒታሎች ለማደንዘዣ ሙያ አዲስ የሆነ ተማሪ ከሚያነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ታማሚው ጠረጴዛ ላይ ከወጣ በኋላ የደም ግፊቱ 190 በ105 ሆኖ ቢገኝ ሃይድራላዚን ሰጥቶ፣ ቁጥሩን አውርዶ ሥራ መጀመር አይቻልም ወይ የሚል ነው። ይህን መንገድ የሚመርጡ ነባር ባለሙያዎች አሉ፤ መንገዱ ግን ክፉ መንገድ ነው። ደም ወሳጅ ቧንቧዎችን የሚያላላው ሃይድራላዚን በደም ሥር ሲሰጥ ጉልበቱ የሚታየው ከ5 እስከ 20 ደቂቃ ዘግይቶ በመሆኑ፣ አልሠራ ያለ መስሎት የደገመ ባለሙያ የሁለቱንም መጠን ውጤት የሚያየው፣ ታማሚው የማደንዘዣውን ፕሮፖፎል ወስዶ ግፊቱ ያለዚያም በሚያሽቆለቁልበት ሰዓት ነው። (ነፍሰ ጡሮች ለብቻ ይታያሉ፤ 160 በ110 የደረሰች እናት ግፊቷ ሳይውል ሳያድር መውረድ አለበት።)

ለዓመታት በከፍተኛ ግፊት የኖረ አንጎልና ኩላሊት የደም ፍሰቱን የሚያመጣጥነው ከፍ ባለው ልክ ላይ ስለሆነ፣ አማካይ ግፊት፣ ማለትም የታችኛው እጥፍ ከላይኛው ጋር ተደምሮ ለሦስት የተካፈለው፣ ለጤነኛ ሰው የሚበቃው 65 እንዲህ ላለው ታማሚ ላይበቃው ይችላል። የ190 በ105ቱ ታማሚ አማካይ 133 ገደማ ነው፤ ከዚህ ላይ አንድ አምስተኛው እንኳ ቢቀነስ የሚቀረው 107 ነው። ሆኖም 190 የዘወትር ግፊቱ ይሁን የፍርሃት ውጤት የሚነግረው ማሽኑ ሳይሆን የጤና ጣቢያው የክትትል ካርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የብሪታንያና የአየርላንድ ማደንዘዣ ሐኪሞች መመሪያም፣ አስቸኳይ ላልሆነ ቀዶ ሕክምና፣ ባለፉት 12 ወራት ከ160 በ100 በታች የተመዘገበለት ታማሚ በዕለቱ ቁጥር ምክንያት እንዳይመለስ፣ መዝገብ የሌለው ደግሞ በቅድመ ምርመራ ከ180 በ110 በታች ከሆነ እንዲቀጥል ይፈቅዳል። ካርዱ እቤት ቀርቶ ከሆነ፣ ቤተሰብ ልኮ ማስመጣት ከማንኛውም መርፌ ይሻላል።

ግፊቱ ከፍ ያለበት ምክንያት አንዳንዴ ቀላል ነው፤ «ምንም እንዳይቀምሱ» የተባሉ አዛውንት እንደ አምሎዲፒን ያለ የግፊት መድኃኒታቸውንም ትተው ያድራሉ፣ በጥቂት ውኃ ሊውጡት ሲገባ። ሌላው የግፊት መድኃኒት ኢናላፕሪል ግን በማደንዘዣ ወቅት ግፊትን ክፉኛ ስለሚጥል፣ ብዙዎች 24 ሰዓት ቀደም ብለው ያቋርጡታል። ይህ ሁሉ የሚጣራው በዋዜማው፣ ታማሚው በተኛበት ክፍል ነው፤ የዋዜማውን ጉብኝት ለጀማሪ የሚተው አሉ፣ በሙያው ያረጀ ሰው ግን ታማሚውን ከነስሙ፣ ከነሥጋቱ የሚያገኘው በዚያች ሰዓት ብቻ ስለሆነ ለማንም አይሰጣትም።