ማርያምስ ማረቻት፤ እኛስ?

ባለፈው ሰሞን አየር ጤና አራስ ጥየቃ ሄጄ ነበር። ከታክሲ ወርጄ፣ የወጉን ይዤ፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ!" ብዬ ገባሁ። ገንፎው ቀርቧል፤ ቅቤው መሀሉ ላይ ተንጣሏል። ጨዋታውም ደርቷል።

"እሷማ ምኑን አማጠችው! ወገቧን ተወግታ፣ እየሳቀች ነው የወለደችው" አሉ አንዲት የጎረቤት እትዬ። "እኛ አምስቱንም ጥርሳችንን ነክሰን ነው የተገላገልነው።" ቤቱ ሳቀ። አራሷ አንገቷን ደፋች። ፈተና ስትኮርጅ የተያዘች ተማሪ መሰለችኝ።

"ወንድ ሆነህ ስለ ምጥ ምን አገባህ? ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይሄ ነው" ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን እኛ ወንዶች መንጋጋችንን ልናስነቅል ወንበሩ ላይ ስንቀመጥ "ዶክተር፣ ማደንዘዣው ይዟል እንዴ?" ብለን ሦስት ጊዜ የምንጠይቅ ነን። በማደንዘዣ ጥርሱን ያስነቀለን ሰው "ይሄማ ምኑን አስነቀለው!" ያለው አለ?

አራሷ የወሰደችው ኤፒዱራል የሚባለውን ነው። የሰመመን ባለሙያ ከታችኛው ጀርባ አጥንቶች መሀል በመርፌ ቀጭን ቱቦ ያስገባል፤ መድኃኒቱ በዚያ እየገባ የምጡን ሕመም ያበርዳል። እናቲቱ አትተኛም፤ "ግፊ" ስትባል ትገፋለች፣ ልጇ ሲወለድ ታያለች። ጣጣ የለውም ማለት አይደለም፤ የደም ግፊት ሊያወርድ፣ የመግፊያውን ሰዓት ሊያስረዝም ይችላል። ለዚህም ነው የእሷን ግፊትና የፅንሱን የልብ ምት የሚከታተል ባለሙያ የሚያስፈልገው። "ዕድሜ ልክ ወገብ ያሳምማል" የሚባለውን ግን ጥናቶች አልደገፉትም።

ክርክሩም አዲስ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ሲምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1847 ለወላዶች ማደንዘዣ መስጠት ሲጀምር፣ ነገሩ በሔዋን ላይ የተፈረደውን መሻር ነው ለሚሉ መልስ እስከ መጻፍ ደርሷል። በ1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ስምንተኛ ልጇን ስትወልድ ክሎሮፎርም ወሰደች፤ ይህም ብዙዎችን አደፋፈረ።

የእኛው ጉድ ግን እዚያው አራስ ቤት ውስጥ ነበር። ከአራሷ ጎን የተቀመጠች ሌላ ወጣት እናት ድምጿን ዝቅ አድርጋ የራሷን አወራችን። እሷ ስትወልድ እናቷን በር ላይ አስቀሩባት። ምጡ ጠንቶባት ስትጮህ "ያኔስ መቼ ጮህሽ?" አሏት። ሕመሙን ረስታዋለች፤ ቃሉን ግን አልረሳችውም።

እ.ኤ.አ. በ2005 በአገራችን በጤና ተቋም ይወልዱ የነበሩት ከመቶ እናቶች 5 ያህሉ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ደርሰዋል። ትልቅ ነገር ነው። "እንዳትሞቺ ጤና ጣቢያ ውለጂ" አልናት፤ መጣች። ከመጣች በኋላስ? በመንግሥት ተቋም ወሊዱ በነፃ ነው፤ ኤፒዱራሉ ግን ባብዛኛው ለግል ሆስፒታል የምትከፍለው ያላት ሴት ዕጣ ነው። በየጤና ጣቢያው ነገ ይምጣ አልልም፤ ባለሙያ ይጠይቃል። ይሁንና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር ኤፒዱራል ለጠየቀች ጤነኛ ወላድ ይሰጥ ብሎ ብቻ አላበቃም፤ የመረጠችው ሰው አብሯት ይሁን፣ መታሸት ከፈለገችም ትታሽ ብሏል። ለዚህ ስንት በጀት ያስፈልጋል? ስድቡን ለመተውስ?

ወጣቷ ስትጨርስ ቤቱ ጸጥ አለ። እትዬ ቆየት ብለው፣ "እኔስ ሦስተኛዬን ስወልድ አንዲት አዋላጅ ሌሊቱን ሙሉ ወገቤን ስታሸኝ አደረች። እጇ ይባረክ፤ እስካሁን እመርቃታለሁ" አሉ።

ልብ በሉ፤ የመረቁት እጇን ነው። ምጡን ሲመርቁ አልሰማሁም።