ክር የማይገኝበት ገበታ

ብዙ ሰው ክትፎን በቅቤው ይመዝናል። እኔ መጀመሪያ የማየው ቆጮውን ነው። ከጠርዙ ትንሽ ቆርሼ ወደ ብርሃን አነሳዋለሁ። ደህና የተሠራ ቆጮ ሲቆርሱት ይለያል እንጂ አይጎተትም። ቃጫ ከተንጠለጠለበት አንዱ ቦታ ላይ ተቸኩሏል ማለት ነው።

በጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ወልቂጤ ይደርሳሉ። ከዚያ ወደ እምድብር ሲታጠፉ በየጓሮው ቆጮ የሚሠራበት የእንሰት ረድፍ ነው። ረድፉ ራሱ ብዙ ተደክሞበታል። ችግኙ ከቦታ ቦታ እየተዛወረ፣ በእያንዳንዱ ዝውውር ርቀቱ እየሰፋ፣ ለመፋቅ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ተከላው የወንድ ነው፤ ፍቂያው የሴት።

ፋቂዋ ዘንበል ተደርጎ በቆመ ጣውላ ፊት ትቀመጣለች። ከግንዱ የተላጠውን ረጅም ሽፋን ጣውላው ላይ ትዘረጋና አንድ እግሯን አንስታ ጫፉን በተረከዟ ትይዘዋለች። በሁለት እጇ የቀርከሃ መፋቂያውን ከላይ ወደ ታች ታወርደዋለች። ጫና ከበዛ ቃጫው ይበጠስና ከፍቅፋቂው ጋር ይገባል። ካነሰ ደግሞ ምግቡ ቃጫው ላይ ይቀራል። ልኩን ሲያገኝ እርጥቡ ነጭ ፍቅፋቂ ከታች ይጠራቀማል፣ ቃጫው ሳይበጠስ ጣውላው ላይ ይቀራል። እሱም ደርቆ ገመድ ይሆናል። አምቾው፣ ማለትም የእንሰቱ ወፍራም ሥር፣ ለብቻው ይከተከትና ይቀላቀላል። ከጭማቂው ሥር የሚረጋው ቡላ ነው። የቀረው ፍቅፋቂ የእንሰት ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ይቀበራል፤ ለሳምንታት፣ ለወራት፣ ሲያሻም ከዚያ በላይ።

ከጉድጓድ የወጣው በጨርቅ ተጠቅልሎ ይጨመቃል። ቀጥሎ የቢላው ሥራ ነው። አንዲት እናት የደቀቀ የመሰለኝን ሊጥ ሰብስበው እንደገና ሲከትፉ፣ ገልብጠውም ሲደግሙ አየሁና «እትዬ፣ አይበቃውም?» አልኳቸው። «ጥርስህ ላይ ክር ቢቀር የሚነሳው የኔ ስም ነው» አሉኝ። ከዚያ ነፉት፣ አሹት፣ ስስ አድርገው በኮባ ቅጠል መሐል ዘረጉትና ምጣዱ ላይ ጣሉት። ሲገለጥ የቅጠሉ መስመር ፊቱ ላይ ታትሞ ነበር።

ሥጋውም ላይ ያው ሥራ ነው። ጎበዝ ከታፊ ቀይ ሥጋ ከሽንጥ ወይም ከታላቅ ይመርጣል። ስቡን፣ ጅማቱንና ያንን ስስ ነጭ ሽፋን በቢላው ጫፍ እየላጠ ያስወግዳል። ሥጋውን መክተፊያው ላይ ይዘረጋል፣ ይከትፋል፣ በቢላው ጎን ሰብስቦ ያዞራል፣ ከሌላ አቅጣጫ ይደግማል። ክንዱ ብዙም አይነሳም፤ ሥራው የእጁ አንጓ ነው። የሥጋ መፍጫ ይህን ሁሉ በደቂቃ ይጨርሳል፣ ግን ይጨፈልቃል። ውሃው ይወጣል፣ ያልተለቀመ ጅማትም አብሮ ይገባል። በቢላ የተከተፈው አፍ ውስጥ ፍሬው ይለያል።

ቅቤው በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረ ነው። ለብ ብሎ መግባት አለበት። ከጋለ ሥጋውን ያበስለዋል፣ ከቀዘቀዘ ይረጋና ላንቃ ላይ ይለጠፋል። ሚጥሚጣው ከቅቤው ጋር ይታሻል። ጣባውን ሞቅ አድርገው የሚያቀርቡ ቤቶች የገባቸው ናቸው፤ የመጨረሻው ጉርሻ ከመጀመሪያው እንዳይለይ።

ክትፎ በእንጀራ የሚያዝዙ አሉ፤ አልጣላቸውም። ነገር ግን የእንጀራው ዓይን ቅቤውን ይጠጣዋል። ሥጋው ደርቆ ይቀራል፣ እንጀራውም ይርስና ይቀደዳል። ቆጮ ዓይን የለውም። ቅቤው ሥጋው ላይ ይቆያል፣ የቆጮው ኮምጣጣነትም ስቡን ያቀልለዋል። ጨው ያልገባበት አይብ ደግሞ ሚጥሚጣውን ያበርዳል። ታዲያ ቆጮው ትኩስና ስስ ሆኖ፣ በጠባቡ ተቆርጦ ይምጣ። ወፍራም ከሆነ አፍ ይሞላና የሥጋውን ጣዕም ይሸፍነዋል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ ያ ሁሉ ክትፊያ ቢደረግለትም ይጠነክራል። አስተናጋጁን «እንደገና ይሙቅልኝ» ማለት ነውር የለውም።