«ሐበሻ» ማለት «ቅልቅል» ነውን?

ስለ ሕዝባችን አመጣጥ የሚጻፍ መጣጥፍ ብዙ ጊዜ «ሐበሻ በዐረብኛ ቅልቅል ማለት ነው» ብሎ ይጀምርና ማስረጃ ሳያቀርብ ያልፋል። አንዱ ሰው ሊያዋርድበት፣ ሌላው «ከባሕር ማዶ የመጣን ነን» ብሎ ሊኮራበት ይጠቅሰዋል። ሂሳችን በዚችው ዐረፍተ ነገር ላይ ነው።

በዐረብኛ ሐ-በ-ሸ የሚለው ሥር የመሰብሰብ ፍች እንዳለው አንክድም። ጥያቄው የትኛው ይቀድማል ነው። የመጀመሪያው ትልቅ የዐረብኛ መዝገበ ቃላት የተጀመረው በ8ኛው መቶ ዓመት ነው። በደቡብ ዐረቢያ የተገኙት የሳባ ጽሑፎች ግን ገና በ3ኛው መቶ ዓመት ገደማ የአክሱሙን ገደራትን «የሐበሸት ንጉሥ» ይሉታል። በ4ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ዒዛና አክሱም ላይ ባቆመው ጽሑፍ ግሪክኛው «ኢትዮጵያውያን» ባለበት ቦታ ግዕዙ «ሐበሠት» ይላል። ታዲያ ዒዛና ማዕረጉን ሲደረድር «የቅልቅሎች ንጉሥ ነኝ» ማለቱ ነው እንዴ? የዐረብኛው ፍች ከሕዝቡ ስም በኋላ የተወለደ ሊሆን እንደሚችል ማንም አያስብም።

እንዲህ ያለ መገለባበጥ በሌላም አገር አለ። «ስሎቫክ» ከ«ስላቭ» ጋር አንድ ዘር ነው። ብዙ ሊቃውንት «ስሎቮ»፣ ማለትም «ቃል»፣ ከሚለው ያወጡታል፤ ንግግሩ የሚገባን ሰው እንደ ማለት ነው። ጎረቤታቸውን ጀርመኑን ደግሞ «ዲዳ» ከሚል ቃል በወጣ ስም ይጠሩታል። በመካከለኛው ዘመን ብዙ ስላቮች ለባርነት ስለተሸጡ «ባሪያ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከስማቸው ወጣ። ይህን የማያውቅ ሰው ነገሩን ገልብጦ «ስላቭ ማለት ባሪያ ነው» ቢል ማን ያርመዋል?

ደግሞስ ቃል የሚፈታው በመዝገብ ብቻ ነው ያለው ማነው? አቃቂ ገበያ ላይ ነጋዴዋ «የሐበሻ ዶሮ ናት» ስትል «የፈረንጅ አይደለችም» ማለቷ ነው፤ ስለ ቅልቅል አላሰበችም። «ፈረንጅ»ም ራሱ ፍራንክ ከሚባል ሕዝብ ስም መጥቶ፣ ዛሬ ግሪኩንም አሜሪካኑንም ይጠቀልላል። ስም እየኖረ ይሰፋል፣ ይጠባል።

እዚሁ አቃቂ በሰቃ «በሰቃ»ን በአንድ የሰፈር ተረት ልፍታ የሚል ሰው የመተሐራውን በሰቃ ሐይቅ ምን ሊያደርገው ነው? ቃልን ለብቻው ቆርጦ መፍታት እንዲህ ያጋልጣል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ባልተጨነቅን። ነገር ግን በየዶርሙ «ሐበሻ ማን ነው? ማን አይደለም?» የሚለው ክርክር ወዳጅ ከወዳጅ እስኪኮራረፍ ይደርሳል፤ የመጨረሻውም ጥይት ይህችው «ቅልቅል» ናት። ዛሬ አንድ ሰው ራሱን ሐበሻ ነኝ ቢል ወይም አይደለሁም ቢል፣ የሚወስነው እሱው እንጂ የድንጋይ ጽሑፍም የዐረብ መዝገብም አይደለም። በዚህ መጽሔት የምትጽፉ ጓደኞቻችንም «ማለት ነው» ከማለታችሁ በፊት ቃሉ መጀመሪያ የት ተጻፈ፣ ማንስ ማንን ጠራበት ብላችሁ ብትጠይቁ ደግ ነው እንላለን።